በሩ የተበየደው ቀይ ፉርጎ

እዚህ ቤሩት የሚሄድ ባቡር የለም። የቀረው የድሮ ጣቢያና ሣር የዋጠው ሐዲድ ነው። የማሳድገው ልጅ ግን ባቡር ይወዳል፤ ከየት እንዳመጣው እንጃ። አጎቱ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ይኖራል፤ ከቤቱ አቅራቢያ የጭነት ባቡር ስለሚያልፍ ቪዲዮ እየቀረጸ ይልክለታል። ልጁ ምሳ አልበላም ሲል ቪዲዮውን እከፍትለትና አንድ ፉርጎ ባለፈ ቁጥር አንድ ጉርሻ አጎርሰዋለሁ። ፉርጎው ከምግቡ ስለሚበልጥ ሳህኑ ባዶ ይሆናል።

ባለፈው ዓመት ለየት ያለ ቪዲዮ መጣ። ባቡሩ የሚሄደው ወደ ኋላ ነው። ሎኮሞቲቩ ከወዲያኛው ጫፍ ሆኖ ይገፋል፤ ወደ ካሜራው ቀድማ የምትመጣው ግን ቀይ ቀለሟ የተላጠ፣ ቤት የመሰለች አሮጌ ፉርጎ ናት። ትንሽ በረንዳ አላት። በረንዳው ላይ አንድ ሰው በአንድ እጁ ብረቱን፣ በሌላው የሬዲዮ መነጋገሪያ ይዞ ቆሟል። ዝናብ ይዘንባል። ልጁ አፉ ውስጥ ያለውን ሳይውጥ፣ "ለምን ቤቱ ውስጥ አይገባም?" አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። "ቁልፉ ጠፍቶበት ይሆናል" አልኩት። እሱ አመነኝ፤ እኔ ግን ነገሩ አልተዋጠልኝም። ማታ ሥራ ስጨርስ ክፍሌ ገብቼ (ክፍል ካልነው ነው፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጀርባ ያለችው) ስልኬን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። እሑድ ማኅበራችን ሲሰበሰብ ደግሞ እንግሊዝኛ ከእኔ የተሻለች እህታችንን እያስቸገርኩ የከበደኝን አስተረጎምኳት። ከወራት በኋላ የተረዳሁትን ነው የምጽፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ላውራ። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ከተማችንን የወለዳት ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እኛ ጋ የደረሰው በ1902 ነው፤ አዲስ አበባ ለመግባት ደግሞ እስከ 1917 ፈጅቶበታል። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበሩ። እኛ ልጆች ተሰልፈን ባቡር ባቡር ስንጫወት፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ልጅ ብቻ እየጠቆሙ "ፉርጎው አንተ ነህ" ይሉ ነበር። ሁላችንም ፉርጎ ነን ብለን ስንከራከራቸው ይስቁብናል። የሳቁበት ነገር የገባኝ ገና አሁን፣ ሰው አገር ሆኜ ነው። በእኛ አፍ ፉርጎ ማለት ባቡር የሚጎትተው ማንኛውም ጋሪ ነው። ቃሉን የወሰድነው ግን ከፈረንሳይኛ ነው፤ በፈረንሳይ ባቡር ደግሞ በዚህ ስም የሚጠራው ሻንጣ የሚጫንበትና የባቡሩ አለቃ የሚቀመጥበት የተለየ ተጎታች ነው። እኛ የአንዱን ስም ለሁሉም አድለን ሰውየው የሚቀመጥበትን ስም አልባ አድርገነዋል ማለት ነው።

አሜሪካኖች ያንን የሰው ፉርጎ ካቡስ ይሉታል። ቃሉ ከሆላንድ መርከበኞች የመጣ ነው ይባላል፤ በእነሱ ዘንድ የመርከብ ማድ ቤት ማለት ነው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ጢማም ወንዶች ዕድሜ ልካቸውን በኩራት የሚያወሩለት ነገር፣ ስሙ ማድ ቤት ሆኖ አረፈው!

ካቡስ የተጀመረው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። በመጀመሪያ አንድ ባዶ የዕቃ ፉርጎ ወይም ጠፍጣፋ ፉርጎ ላይ የተመታች ጎጆ ከባቡሩ ጭራ ትታሰርና ሠራተኞቹ ይገቡባታል። በኋላ ጣሪያዋ ላይ በመስኮት የተከበበች ትንሽ ማማ ተጨመረች፤ ገጠር ያደጋችሁ፣ ወፍና ዝንጀሮ ለመጠበቅ ማሳ ላይ የሚሠራውን ማማ አስቡ። ማማዋን የፈጠራት በ1863 አንድ የባቡር አለቃ ነው ይባላል፤ የተሰጠው ፉርጎ ጣሪያው ተቀዶ ስለነበረ በቀዳዳው አንገቱን አውጥቶ ባቡሩን ከዳር እስከ ዳር ሲያይ ሐሳቡ መጣለት ይላሉ። እውነትም ይሁን ተረት፣ ሠራተኛ የፈጠረው መሆኑ ደስ ይለኛል።

ሰው በባቡር ጭራ ላይ ለምን አስፈለገ? ዋናው ነገር ፍሬን ነው። ያኔ ነጂው ባቡሩን ብቻውን ማቆም አይችልም። እያንዳንዱ ፉርጎ የራሱ ፍሬን ነበረው፤ ፍሬኑ የሚጠብቀው ደግሞ ጣሪያው ላይ ያለን መሪ የመሰለ ብረት በእጅ በማዞር ነው። ነጂው ፊሽካ ሲያሰማ፣ ፍሬን ያዦቹ ከካቡሱና ከሎኮሞቲቩ ወጥተው በሚሮጥ ባቡር ጣሪያ ላይ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ እየዘለሉ አንድ በአንድ ያጠብቃሉ። በሌሊትም፣ በበረዶም። ስንቱ ተንሸራቶ በፉርጎዎቹ መካከል ቀርቷል።

ፉርጎ ማያያዙ ደግሞ ከዚያ አይሻልም ነበር። ማያያዣው ቀለበትና ካስማ ነው። ሁለቱ ፉርጎዎች ሲጠጋጉ ሰውየው በመካከላቸው ቆሞ ቀለበቱን በእጁ ይመራና ካስማውን ይሰካል፤ እጁን ለቅጽበት ካዘገየ ጣቱ የለም። የቆየ ፍሬን ያዥ በጎደሉ ጣቶቹ ይታወቅ ነበር ይባላል፤ እንደ ምስክር ወረቀት ማለት ነው። ሎሬንዞ ኮፊን የሚባል የአዮዋ ገበሬ የአንድ ሠራተኛ ጣት ሲጨፈለቅ በዓይኑ አይቶ፣ ከዚያ በኋላ ዓመታቱን ሁሉ ጋዜጣ ላይ በመጻፍ፣ በየስብሰባው በመናገርና ባለሥልጣናትን በመጎትጎት ጨረሰ። በመጨረሻ በ1893 ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን የባቡር ደኅንነት መሣሪያዎች ሕግን ፈረሙ፤ የጭነት ባቡሮች ነጂው ራሱ የሚይዘው የአየር ፍሬንና ሰው በመካከል ሳይገባ የሚገጥም ማያያዣ እንዲኖራቸው ሕጉ አዘዘ።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ ሥሩልኝ። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ የአየር ፍሬኑን በስሙ ያስመዘገበው በ1869 ነው። ሕጉ የወጣው በ1893። መሣሪያው ከተገኘ በኋላ 24 ዓመት ሙሉ ሰዎች ጣሪያ ላይ ሲሮጡ ኖረዋል። አየር ፍሬን ገንዘብ ያስወጣል፤ ፍሬን ያዥ ግን ርካሽ ነበር። እኔ የማየው እንደዚያ ነው።

ከሕጉ በኋላ ጣሪያ ላይ መሮጡ እየቀረ ሄደ፤ ካቡሱ ግን ለሌላ ሦስት ትውልድ ቆየ፤ ሥራው ፍሬን ብቻ አልነበረማ። ኩሽኔታ ታውቃላችሁ፣ መካኒኮች የሚሉት። የድሮ ፉርጎ ኩሽኔታ በዘይት በተነከረ ጨርቅ ነበር የሚለሰልሰው፤ ዘይቱ ሲያልቅ ይግላል፣ ይጨሳል፣ ይቀጣጠላል፣ ከዚያ ዘንጉ ይሰበርና ባቡሩ ከሐዲድ ይወጣል። ጭሱን ቀድሞ የሚያየው ማማዋ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። የሚንጠለጠል ብረት፣ የላላ ጭነት፣ ሁሉንም የሚያየው እሱ ነው። ባቡሩ ባልታሰበ ቦታ ሲቆም ደግሞ አንዱ ፋኖስና ባንዲራ ይዞ ወደ ኋላ በእግሩ ይሄዳል፤ ከኋላ የሚመጣ ሌላ ባቡር እንዳይገጫቸው። ሐዲዱ ላይ ሲረገጥ የሚፈነዳ ትንሽ ተተኳሽ ያስቀምጣል፤ ነጂው ፍንዳታውን ሰምቶ እንዲያቆም። ሌሊት፣ ጫካ መሃል፣ ብቻውን። የባቡሩ አለቃ በበኩሉ የእያንዳንዱን ፉርጎ ወረቀት የሚጽፍበት ጠረጴዛ ነበረው፤ ካቡሱ ቢሮ ነው።

ቤትም ነበር። እኔን የያዘኝ ይህኛው ነው። በብዙ ኩባንያዎች አንድ ካቡስ ለአንድ የባቡር አለቃ ይሰጥ ነበር፤ ባቡሩ ቢቀየርም ካቡሱ እሱን ይከተላል። በየሄደበት ይተኛበታል። ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ የድንጋይ ከሰል ምድጃ አለ፤ ባቡሩ ሲነቃነቅ ድስቱ እንዳይወድቅ ምድጃው ዙሪያውን ጠርዝ አለው። አልጋ አለ፣ የውሃ ማጠራቀሚያ አለ። መጋረጃ የሰቀሉ ነበሩ። የቤተሰብ ፎቶ ግድግዳ ላይ የለጠፉ ነበሩ። ወጥ በመሥራት ስም ያወጡ ነበሩ፣ በወንዶቹ መካከል ማለቴ ነው። የሥራ ቦታውን ቤቱ ያደረገ ሰው ምን እንደሚመስል ለእናንተ አላስረዳም። ልዩነቱ በሩን ከውስጥ መዝጋት መቻላቸው ነው።

ገነት ነበር እንዳልላችሁ። የጭነት ባቡር ፉርጎዎች መካከል ክፍተት አለ፤ ሎኮሞቲቩ ሲጎትት ክፍተቱ አንድ በአንድ እየተለጠጠ ይመጣና ጭራው ላይ ሲደርስ ካቡሱን እንደ ጅራፍ ይነቀንቀዋል። ቆሞ ቡና የሚቀዳ ሰው ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ጥርሱና የጎድን አጥንቱ የተሰበረ ብዙ ነው። ኩባንያዎቹ በኋላ ካቡሱን ሲያስወጡ "ለሠራተኛው አደገኛ ነው" ያሉት ውሸት አልነበረም። ያስወጡት ለዚያ ነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ የተወሰደው ባለቤትነቱ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት አሥርተ ዓመታት ኩባንያዎቹ ለአንድ ሰው አንድ ካቡስ መስጠቱን እየተዉ የጋራ አደረጉት፤ ዛሬ አንተ፣ ነገ ሌላው። መጋረጃው ወረደ፣ ፎቶው ተነሣ። የጋራ የሆነ ነገር ማን ያጸዳዋል? ቆሻሻ ነው እየተባለ መወቀስ ጀመረ። ካቡሱ የተገደለው ያኔ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የቀረው ቀብሩ ነበር።

ቀብሩን ያመጣው የጫማ ካርቶን የሚያክል ሳጥን ነው። በመጨረሻው ፉርጎ ማያያዣ ላይ ይሰቀላል፣ ከአየር ፍሬኑ ጎማ ጋር ይገናኛል፣ የአየሩን ግፊት በሬዲዮ ለነጂው ይነግራል፤ ሌሊት ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። የእንግሊዝኛ ስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ "ፍሬድ" ይላሉ፤ ሠራተኞቹም በዚያው ይጠሩታል፤ የሰው ስም ነው። ሰው ወርዶ ፍሬድ ተሳፈረ። ኩሽኔታውን ደግሞ ሐዲዱ ዳር የተተከሉ ሙቀት ለኪዎች ተረከቡት፤ ኩሽኔታው ራሱም ተሻሽሎ እንደ ድሮው መጋሉ ቀነሰ።

ካቡስን ቀድመው ከተዉት መካከል ፍሎሪዳ ኢስት ኮስት የተባለው ኩባንያ አለ፤ ሠራተኞቹ በ1963 ረጅም የሥራ ማቆም አድማ የመቱበት ኩባንያ ነው። ሌሎቹ ግን የሠራተኛ ማኅበራቱን ስምምነት ይፈልጉ ነበር፤ በአንዳንድ ክፍላተ ሀገርም ካቡስ ግዴታ ነው የሚል ሕግ ነበር። በ1982 ትልቁ የባቡር ሠራተኞች ማኅበር ካቡስ ቀስ በቀስ እንዲወጣ የሚፈቅድ አገር አቀፍ ስምምነት ፈረመ፤ ሕጎቹም አንድ በአንድ ተሻሩ። አራትና አምስት ሰው ይዞ ይሄድ የነበረ ባቡር ሁለት ሰው ቀረው፤ ሁለቱም ፊት፣ ሎኮሞቲቩ ውስጥ።

ፍሬድ መጀመሪያ ላይ መናገር እንጂ መሥራት አይችልም ነበር። ግፊቱ ወረደ ይላል እንጂ ፍሬን አይዝም፤ ካቡስ ውስጥ የነበረው ሰው ግን የአደጋ ጊዜ ፍሬኑን ከጭራው መሳብ ይችል ነበር። በየካቲት 1996 መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሆን ፓስ በሚባለው ቁልቁለት አንድ የጭነት ባቡር ፍሬን እምቢ ብሎት ተምዘግዝጎ ሲወጣ ሁለት ሠራተኞች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው ነጂው ከፊት ሆኖ ፍሬኑን ከጭራው ጭምር የሚያስይዝበት ሁለት መንገድ የሚነጋገር መሣሪያ በሕግ የታዘዘው። ሰውየው ይሠራ የነበረውን ሥራ ሰውየው ከወረደ በኋላ ዞረው አገኙት።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ካቡስ ዛሬም አልጠፋም። አብዛኞቹ በየከተማው መናፈሻ ቆመዋል፣ ቡና ቤት የሆኑም አሉ። አንዳንዶቹ ግን አሁንም በሐዲድ ላይ ሥራ ላይ ናቸው። ፋብሪካዎች ለሚያገለግል አጭር ባቡር መዞሪያ በሌለበት መስመር ብዙ ርቀት ወደ ኋላ መግፋት ግድ ይሆናል። ነጂው ከኋላ ሆኖ ከፊቱ ያለውን አያይም። ሐዲዱ ባዶ መሆኑን፣ መኪና ማቋረጫው ላይ ሰው አለመኖሩን ከፊት ሆኖ እያየ በሬዲዮ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል፤ ፍሬድ ይህን አይችልም። ካቡስ ከሌለ ሰውየው የነዳጅ ፉርጎ ጎን ላይ መሰላል ጨብጦ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ አሮጌ ካቡስ ይመጣና በረንዳው ላይ ይቆማል። ከመንጠልጠሉ በእርግጥ ይሻላል።

ነገር ግን ካቡስ ብለው አይጠሩትም፤ ባቡር ሲገፋ የሚቆሙበት መድረክ ነው የሚሉት። መስኮቶቹ በላሜራ ተሸፍነዋል፣ በሩ ተበይዷል፣ ምድጃውና አልጋው የሉም። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ሰው የሚቀመጥበት ካቡስ መስኮቱ ድንጋይ ቢወረወር፣ ጥይት ቢተኮስ የሚቋቋም መስታወት እንዲኖረው የአሜሪካ ሕግ ያዛል። መስኮት ከሌለ መስታወት አይገዛም። ውስጡ ሰው ከሌለ ማሞቂያ አይጠገንም፣ መጸዳጃ አይጸዳም። የሚፈለገው የሰውየው ዓይን ስለሆነ ዓይኑ የሚቆምበትን አስቀርተው ክፍሉን ዘጉት። ቁልፍ አልጠፋበትም ማለት ነው፤ ዋሽቼዋለሁ።

ሰው በእርግጥ የሚቀመጥባቸውም አሉ፤ ብርቅ ናቸው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የኑክሌር መርከቦቹን ያገለገለ ነዳጅ ወደ አይዳሆ በባቡር ሲልክ የታጠቁ ጠባቂዎች የሚጓዙበት ተጎታች አብሮ ይሄዳል። መቶዎች ቶን የሚመዝን የኃይል ማመንጫ ዕቃ የሚሸከሙ ልዩ ፉርጎዎችም ጭነቱን የሚከታተሉት ሠራተኞች የሚቀመጡበት ካቡስ ይከተላቸዋል። ጭነቱ ውድ ሲሆን በሩ ይከፈታል።

አንዱን ሳልነግራችሁ ባልፍ ደስ ባለኝ። በካናዳ፣ በኪዩቤክ፣ ላክ ሜጋንቲክ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በሐምሌ 6 ቀን 2013 ሌሊት፣ ድፍድፍ ነዳጅ የጫኑ 72 ፉርጎዎች ያሉት ባቡር ሰው ሳይኖርበት ከቆመበት ቁልቁለት ተንሸራቶ መሃል ከተማው ላይ ተገለበጠ፤ 47 ሰው ሞተ። ያ ባቡር ካቡስ ነበረው። ከመጀመሪያው ሎኮሞቲቭ ቀጥሎ የታሰረ፣ ለሌላ ሥራ የተለወጠ ካቡስ ነው፤ ውስጡ የነበረው ሰው ሳይሆን የሬዲዮ መቆጣጠሪያ መሣሪያ ነው፤ ባቡሩን አንድ ሰው ብቻውን እንዲነዳ የሚያስችለው መሣሪያ። ያ አንድ ሰው ማታ ባቡሩን ሲያቆም የእጅ ፍሬን የያዘው በሰባት ቦታ ነበር፤ አይበቃም ነበር። የሚያመሳክረው ሌላ ሰው አልነበረም። በኋላ ፍርድ ቤት የቀረቡት እሱና ሁለት ባልደረቦቹ ናቸው፤ በ2018 ነፃ ወጡ። ካናዳ አደገኛ ጭነት የያዘ ባቡር በአንድ ሰው እንዳይነዳ የከለከለችው አደጋው በደረሰ በዚያው ወር ነው። አሜሪካ ለአብዛኛው ባቡር ሁለት ሰው የሚል ደንብ ያወጣችው በ2024 ነው።

ይህን ለልጁ አልነገርኩትም። በሩ ተበይዷል ብቻ አልኩት። "ማን በየደው?" አለኝ፤ "ባለቤቱ" አልኩት፤ ወደ ጉርሻው ተመለሰ።

ከእናንተ ልጅ የምታሳድጉ ካላችሁና እንደ እኔ በባቡር ቪዲዮ የምታጎርሱ ከሆነ፣ መጨረሻውን ሳታዩ አታጥፉ። ጭራው ላይ የሚያበራ ሳጥን ካለ ፍሬድ ነው። ባቡሩ ወደ ኋላ የሚገፋ ከሆነና ከፊቱ በረንዳ ያለው ነገር ካለ መስኮቶቹን እዩ፤ ላሜራ ከሆነ መድረክ ነው፤ መስታወት ካለው ግን ደጋግማችሁ እዩት፣ አሁን ብዙ አይገኝም።

ባለፈው ወር አጎቱ ከአንድ መናፈሻ ፎቶ ላከ። ታድሶ የቆመ ካቡስ ነው፤ በሩ ክፍት ነው፤ ገብቶ ውስጡን አንስቶልናል። ምድጃው አለ፤ ጠርዝ ያለው። ጠረጴዛው አለ። ግድግዳው ላይ ጠባብ አልጋ፣ ከአልጋው በላይ ትንሽ መስኮት አለ። ልጁ ስልኩን ይዞ ብዙ አየው። "ያንቺን ክፍል ይመስላል" አለኝ። ቆይቶ ደግሞ፣ "ያንቺ ግን መስኮት የለውም።"

ምድጃውን አሳየሁት።